የሚጠጣ ኬክ ለአማት

ጥርስ ሠሪው ሐኪም አይደለም። ይህንንም ከቶ አይክድም፤ ማንም እስካልጠየቀው ድረስ። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ብሎ ሲጠራው ዞር ብሎ «አቤት» ይላል። ሰውን በአደባባይ ማረም ነውር ነው ብሎ ያምናል።

የሚሠራው በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ፣ መስኮቷ የመኪና ማቆሚያ በሚያሳይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪሙ የታካሚውን የድድ ልክ ወስዶ ይልክለታል። እሱ በልኩ ላይ ጀሶ ያፈሳል፣ ሲደርቅ ቅርጹን ያወጣል፣ በሰም ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይተክላል፣ ይሞርዳል፣ ይወለውላል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የስንቱን ሰው ፈገግታ እንደሠራ ፈጣሪ ይቁጠረው። ከባለፈገግታዎቹ ግን አንዱንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ይህ ለሥራው ትልቅ በረከት ነበር፤ አንድም ቅሬታ ሳይሰማ ፀጉሩ ሸበተ።

የመጀመሪያውን ቅሬታ ያመጡለት አማቱ ናቸው።

አማቱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሦስት መቶ በሽተኛ በቀን ሦስት ጊዜ ሲያበሉ ኖረዋል፤ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ይፈሯቸው ነበር ይባላል። ቤተሰቡ «ጄኔራሏ» ይላቸዋል፤ በሌሉበት፣ ያውም ድምፁን ቀንሶ። የቀሩት የላይ ጥርሶቻቸው ተነቅለው ያለቁ ጊዜ ጥርስ ሠሪው ደረቱን ነፋ። «ለእርስዎማ ከእኔ በቀር ማንም አይሠራም!» አለ። ሠራም። የጥርሶቹ አሰላለፍ፣ የድዱ ቀለም፣ ውልወላው ያማረ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ሊስቅ የደረሰ ይመስላል። ጄኔራሏ አፋቸው ውስጥ አስገቡት፣ አንዴ ነከሱ፣ አወጡት፣ በመሐረብ ጠቀለሉት።

«ግራውን ይወጋኛል» አሉ።

«ይለመዳል» አለ ጥርስ ሠሪው።

ይህች «ይለመዳል» አምስት ወር ሙሉ ቤቱን አመሰችው። እሳቸው «ይወጋኛል» ይላሉ፤ እሱ «ልኩ ልክ ነው፣ ጀሶው ላይ ልጥፍ ብሎ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። በመጨረሻ «እንግዲያውስ ጀሶው ይብላበት!» አሉትና ነገሩ ተዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሱ መሐረብ ውስጥ፣ ሠሪው ደግሞ ጥርስ ውስጥ ገቡ። ጄኔራሏ ፀጉር ቤት ሲቀመጡ፣ መድኃኒት ቤት ሲሰለፉ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ «የልጄ ባል ጥርስ ሠሪ ነው» እያሉ ባዶ ድዳቸውን ያሳያሉ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በገንዘብም አይገኝም።

ሚስቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት። ስምንት መቶ ተማሪ በአንድ ፉጨት ታሰልፋለች፤ እናቷንና ባሏን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሰላም ማስቀመጥ ግን አልሆነላትም።

«እማዬ ቅዳሜ ሰባ ትሞላለች» አለችው አንድ ማታ። «የምትወደው ደግሞ ያንን የአናናስና የክሬም ኬክ ነው፤ ከሥሩ ደረቅ ብስኩት ያለውን።»

«ታዲያ እንዘዝላቸዋ።»

«በምኗ ልትበላው?»

ጥርስ ሠሪው በድንገት የስልኩ ባትሪ አሳሰበውና ጎንበስ አለ።

«ዛሬ ደውላ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ኬኩን እናንተ ብሉት፤ እኔ ሻማውን እፍ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ለእፍ ጥርስ አያስፈልግም።› እንግዲህ ወይ ጥርሱን አስተካክል፣ ወይ የሚዋጥ ነገር ፈልግላት።»

ሰውየው አሰበበት። አንደኛው መንገድ ስህተቱን ማመን ነው፤ ሁለተኛው በአምሳ አንድ ዓመቱ አዲስ ሙያ መማር። ራሱን የሚያከብር ወንድ ሁሉ እንደሚያደርገው ሁለተኛውን መረጠ።

ሦስት ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓቱ የኮክቴል አሠራር ቪዲዮ ሲያይ ከረመ። ሐሙስ ዕለት ለሚስቱ ግኝቱን አበሰራት፦ ኬኩን የሚጠጣ ያደርገዋል። አናናስ፣ ክሬም፣ የታሸገ ጣፋጭ ወተት፣ ጥቂት ቫኒላ፣ ደህና ሩም፣ በረዶ። ብስኩቱ ደግሞ ደቆ የብርጭቆው አፍ ላይ ይነሰነሳል። ሩሙ ያስቀይማቸው ይሆን ብሎ የሰጋ አልነበረም። ጄኔራሏ በዚህ ዓለም ላይ ቅሬታ ያላሰሙበት ነገር ቢኖር ሩም ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጥርስ ሠሪው ነጭ ጋውኑን ለብሶ ወጥ ቤት ገባ። ጀሶ የሚመዝንበትን ሚዛን ከሥራ ቦታ ይዞ መጥቷል፤ ሚስቱ ሦስት ጊዜ አሳጠበችው። ክሬሙን በግራም መዘነ። ቫኒላውን በጠብታ ቆጠረ። ከገዛቸው ሁለት አናናሶች አንዱን ልጦ ዓይኖቹን በሰም መቅረጫ ቢላው አንድ በአንድ ሲያወጣ ላየው ሰው አናናሱ ማደንዘዣ የተወጋ ይመስል ነበር። ሁሉንም ብሌንደር ውስጥ ጨምሮ አስጓራው። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ እኮ ሙያዬን ተሳስቼ ነው የመረጥኩት» አለ።

«እማዬም አምስት ወር ሙሉ እሱን ነው የምትለው» አለች ሚስቱ፣ ሳህን እየደረደረች።

ነቀፋ አዋቂን አያስደነግጥም። ማሰሮ የሚያህለውን የመስተዋት ጆግ እስከ አፉ ሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠና ጋውኑን ሳያወልቅ ሳሎን ተቀመጠ።

ጄኔራሏ ለምሳ ተጠርተው ከምሳ ሁለት ሰዓት ቀድመው መጡ። «ላግዛችሁ ብዬ ነው» አሉ፤ ሲተረጎም ለቁጥጥር ማለት ነው። ጥርስ ሠሪው ይህችን ቀን ሲጠብቃት ነበርና በክብር ወደ ወጥ ቤት መርቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ።

ጆጉ ውስጥ ያለው ነገር ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ የተቆራረጠ፣ ጥጥ የመሰለ አረፋ፤ ከታች ቢጫ ውሃ። በማንኪያ አማሰለው፤ ይበልጥ ተቆራረጠ። ቀመሰው፤ ፊቱ ተኮማተረ። ሬት ነው።

«ክሬሙ!» አለ ወዲያው። «የተበላሸ ክሬም ሸጠውልኛል! ሌቦች!»

ጄኔራሏ ማንኪያውን ተቀብለው ምላሳቸው ጫፍ ላይ አስነኩት።

«አናናሱ ጥሬ ነው?»

«ትኩስ ነው እንጂ! ትናንት ማታ የተገዛ!»

«መቼ ተገዛ አልኩህ? ጥሬ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«…ጥሬ ነው።»

«ጥሬ አናናስ ወተት ይበላል፣ ልጄ» አሉ ጄኔራሏ። «ያውም ያለ ጥርስ።»

ጥርስ ሠሪው ስለ ክሬም ሻጮቹ ሊቀጥል አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ወንበር ላይ አንጠልጥለው እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር።

«እኔም የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሦስት መቶ በሽተኛ ክሬም በዚሁ አናናስ አበላሽቻለሁ» አሉ። «አለቃዬን ‹ወተቱ ነው› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወተቱ አልነበረም። ሁለተኛውን አናናስ አምጣው።»

አናናሱ ተከተፈ። ጥቂት ስኳር ተጨምሮበት በትንሽ ድስት ተጣደና አረፋው እስኪተኛ ድረስ ተንተከተከ። «ሲበስል ጉልበቱን ያጣል፤ ከዚያ ወተት አይነካም» አሉ። ድስቱን በረዶ ውሃ ላይ አስቀምጠው አበረዱት። ከተፈጨ በኋላ በወንፊት ካላጠለልነው አሉ፤ ጥርስ ሠሪው ጊዜ የለንም ሲል «ክሩን ማን ሊያኝክልህ ነው? እኔ?» አሉት። አጠለለ። ከጠዋቱ የተረፈው ክሬምና ጣፋጭ ወተት መጨረሻ ላይ ገቡ። ሩሙን ጄኔራሏ ራሳቸው ቀዱ፤ ሚዛኑን ዞረውም አላዩት። በየደረጃው፣ እንደተፈጨ፣ እንደተጠለለ፣ እንደተቀላቀለ፣ አንድ ማንኪያ ይቀምሳሉ፤ ለእሱም አንድ ማንኪያ ይዘረጉለታል።

«ስንት ዓመት ጥርስ ሠራህ?» አሉት በመሃል፣ ብስኩቱን በጠርሙስ ቂጥ እያደቀቁ።

«ሃያ ስድስት።»

«የስንቱን ሰው አፍ አየህ?»

ብሌንደሩን አጠበ። የታጠበውን ብሌንደር ደግሞ አጠበው።

«የማንንም» አለ በመጨረሻ። «ሐኪሙ ነው የሚያየው። እኔ ጋ የሚመጣው ልኩ ብቻ ነው።»

«እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳልቀምሰው ከወጥ ቤት የወጣ አንድ ድስት የለም» አሉ ጄኔራሏ። ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር፤ ለቁጣቸው መልስ አያጣም።

ጥርስ ሠሪው እጁን አደረቀ። ከዚያ በአምስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን ያልጠየቀውን ጠየቀ።

«የት ጋ ነው የሚወጋዎት?»

ጄኔራሏ አዩት። ቦርሳቸውን ከፍተው መሐረቡን አወጡ፤ አምስት ወር ሙሉ ጥርሱን ለምስክርነት ይዘውት ይዞሩ ኖሯል። ጥርስ ሠሪው የሥራ ቦርሳውን አምጥቶ፣ ሲነከስ ቀለም የሚተው ስስ ሰማያዊ ወረቀት አወጣ። በመስኮቱ ብርሃን በኩል አስቀመጣቸውና መጀመሪያ ድዳቸውን አየ። ግራ በኩል ከኋላ ድዱ ቀልቶ ቆስሏል።

«ይሄን ያህል?» አለ፣ ድምፁ ወረደ።

«ነገርኩህ እኮ።»

«ይለመዳል አልኩዎት።»

«ለመድኩታ። መሐረብ ውስጥ።»

ጥርሱን አጥቦ ሰጣቸው፤ ወረቀቱን በመሃል አድርጎ አስነከሳቸው። ሲያወጣው በቀኝ በኩል ቀለሙ ለምልክት ያህል እንኳን አልያዘም፤ በግራ በኩል አንዲት ጥርስ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ቁጭ ብላለች። የንክሻው ኃይል ሁሉ እዚያች ላይ ሲያርፍ ነው የከረመው። ጀሶ ድድ አይደለም፤ አይርገበገብም፣ አይቆስልም፣ አማትም አይሆንም። ይህን በሙያ ቋንቋ የማብራራት ኃይለኛ ፍላጎት መጣበት፤ ለታሪክ ይመዝገብለት፣ ዋጠው። ሞረዱን አነሳ። ሞረደ፣ አስነከሰ፣ ሞረደ፣ አስነከሰ። በአምስት ወር ያላለቀው ጦርነት በስድስት ደቂቃ አለቀ።

«አሁንስ?»

ጄኔራሏ መንጋጋቸውን ወዲያ ወዲህ አሉት። «ቁስሉ ያመኛል። ጥርሱ ግን አይወጋም።»

«አጥፍቻለሁ፣ እማማ» አለ ጥርስ ሠሪው።

«በል ብርጭቆ አምጣ፣ በረዶው ቀለጠ» አሉ።

ለምሳ የመጣው እንግዳ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ብቻ ነበር፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፣ ሳያስፈራራ ሰላም ማለት አይችልም። ከምሳ በኋላ ብርጭቆዎቹ ቀረቡ፤ ወፍራም፣ ቅቤ መሳይ ቢጫ፣ አፋቸው በብስኩት ዱቄት የተከበበ። ወንድምየው «ጁስ ነው እንዴ?» ብሎ አንዱን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ሁለተኛውን ሲጨርስ ቤቱ እሳት አደጋ እንደማያሰጋው መሰከረ። በሦስተኛው ተነስቶ ጥርስ ሠሪውን አቀፈና «ከወንድሜም ትበልጥብኛለህ» አለው። ወንድም የለውም።

ጄኔራሏ ቀስ ብለው ጠጡ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ብርጭቆውን አስቀምጠው ከሳህኑ አንድ ደረቅ ብስኩት አነሱና በቀኝ በኩል ነከሱት። ኮሽ አለ። ልጃቸው ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች።

«እማዬ! እንዴት ነው?»

ጄኔራሏ አኝከው፣ ውጠው፣ አፋቸውን ጠረጉ።

«ቫኒላው በዝቷል» አሉ።

ጥርስ ሠሪው ከዚያ በኋላ ጥርሱን ሁለት ጊዜ ደግሞ ሞረደው፤ ቁስሉም ዳነ። ጄኔራሏ ዛሬ በየፀጉር ቤቱ ጥርሳቸውን እያሳዩ «ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። እሱም በበኩሉ ክሊኒኩ ውስጥ የአናናስ ኮክቴል አሠራር እያስረዳ «እኔ የፈጠርኩት ነው» ይላል። ሁለቱም ሌላው የሚለውን ሰምተዋል፤ ሁለቱም አላረሙም። በቤተሰቡ ውስጥ ይህን የሚያህል ሰላም ታይቶ አይታወቅም።

በወሩ ጥርስ ሠሪው ሐኪሙን አንድ ነገር ጠየቀው፤ አዲስ ጥርስ ሲገጠም እሱም እንዲገኝ። ሐኪሙ ደንግጦ «ምን ሆንክ?» አለው። ምንም አልሆነም። አሁን ረቡዕ ረቡዕ ከዚያች ጠባብ ክፍል ወጥቶ ከታካሚው ወንበር አጠገብ፣ ሰማያዊ ወረቀቱን ይዞ ይቆማል። በመጀመሪያው ቀን አራት ቅሬታ ሰማ። ቤት ሲገባ ራት አልበላም አለ።

በሁለተኛው ረቡዕ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር መጡ። አዲሱን ጥርሳቸውን አድርገው ነከሱና «ደህና ነው፣ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ያዝ አደረጋቸው።

«ዶክተር አይደለሁም» አላቸው። «ሠሪው ነኝ። እስቲ ይቀመጡና አንዴ ደግመው ይንከሱልኝ።»