ምሳር ሳይቀመጥ አሜን የለም

ልጅ እያለሁ ሰው ሲሠራ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ በአገራችን ነውር ነበር። የሚያጭድም ይሁን የሚወቃ፣ አላፊው «እግዜር ያበርታህ!» ይለዋል፤ ሠራተኛውም ቀና ብሎ፣ ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ «አሜን!» ይላል። አባቴ ብቻ አይመልስም ነበር። ዛፍ ቆራጭ ነበር፤ ምሳሩ በእጁ ሳለ ጳጳስ ቢያልፍ ቀና አይልም። ሰዎች «ያ ኩሩ፣ ያ ዲዳ» እያሉ ያሙታል። እሱ ግን ዛፉ ወድቆ ሲያበቃ ምሳሩን መሬት ላይ ያጋድምና፣ ሰላም ያለው ሰው ወንዝ ተሻግሮም ቢሆን፣ ገደሉ እስኪያስተጋባ «አሜን!» ብሎ ይጮኽለታል። «ምሳር ሳይቀመጥ አሜን የለም» ይለን ነበር።

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባሉት መንደሮች ሁሉ አብሬው ዞሬአለሁ። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሽታው አፍንጫን እንደ ብርድ ይከፍታል። ልጆች የፍሬውን ክዳን እየለቀምን እንደ እንዝርት እናሽከረክር ነበር፤ የኔ ጨዋታ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ሥራ ነበረኝ። አባቴ የዛፉን ቁመት በዓይኑ ይለካል፤ ያንን ያህል ይራመዳል፤ ግማሹን ያህል ደግሞ ይጨምርበታል። እዚያ ጋቢውን አውልቆ መንገዱ ላይ አግድሞ ያነጥፈውና እኔን አጠገቡ ያቆመኛል። «ከዚህ ወዲህ ሰው እንዳታሳልፊ። ሰው ነው ያልኩሽ፤ ትልቅ ትንሽ አላልኩም።»

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ ማለዳ በበቅሎ የመጡት የንስሐ አባታችን ነበሩ። ተዝካር ረፍዶባቸዋል። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«አባ፣ አይለፉ።»

«ማነሽ አንቺ?»

«የቆራጩ ልጅ ነኝ።»

«እኔስ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባ። ዛፉ ግን አያውቅዎትም።»

«ወይ ጊዜ!» ብለው በቅሎዋን ኮለኮሏት። ጋቢውን ስትረግጠው ዘልዬ ልጓሟ ላይ ተንጠለጠልኩ። በቅሎዋ ስትሽከረከር ጥላቸው ከእጃቸው አምልጦ በቁልቁለቱ ወደ ዛፉ ተንከባለለ። ያኔ ግንዱ ተንጣጣ። ዛፉ መንገዱን ዘግቶ ሲወድቅ ጥላቸው ከሥሩ ቀረ፤ አቧራው እስኪበተን ሦስታችንም፣ እሳቸውም እኔም በቅሎዋም፣ አንተነፍስም ነበር።

አባቴ ምሳሩን አጋድሞ መጣና መስቀል ተሳለመ። እሳቸው «ለልጅህ ሥርዓት አስተምራት» አሉት። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። አልጠየቀም። «አስተምሬአታለሁ አባ። ያተረፈዎት እሱ ነው» አላቸው። መንደሩ ለወራት «ቄስ ያስቆመች» እያለ አላገጠብኝ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ አንገቴን ደፍቼ አላውቅም።

አድጌ መምህርት ሆንኩ፤ አያሌውን አገባሁ። ባለቤቴ ሰው አክባሪ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞተር መጋዝ ሲይዝ የአባቴን ነገር ብነግረው ሳቀ። «ያ እኮ የምሳር ዘመን ነው። ይኼ በሳምንት የማይወድቀውን በግማሽ ቀን ይጥለዋል።» የጉና ብርድ በሚገርፍበት አንድ ጠዋት ጋቢውን እንደደረበ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲመለምል ጎረቤታችን አያ ወርቁ በዚያ አለፉ። እንደ ወጉ «ያበርታህ!» አሉት። አያሌውም እንደ ወጉ «አሜን!» አለ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ዞር ብሎ፣ ጋቢውን ዝቅ ሊያደርግላቸው ግራ እጁን ከመጋዙ ለቀቀ። የመጋዙ ጫፍ ቅርንጫፍ ነካና ወደ እሱ ዘለለ። ጭኑን ነው ያገኘው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ ባጃጅ ውስጥ እጄ ላይ አረፈ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ተጽናኚ» አለኝ። አንድ ቀን ቻልኩ፤ ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ከፍራሽ ተነሣሁና «እግዜርን አትክሰሱት!» አልኩ። «መጋዙን ሳያጠፋ አንድ እጁን ለቀቀ። ይኸው ነው።» ሴቶቹ ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ብለው ዝም ሊያሰኙኝ ሞከሩ። ዝም አላልኩም። ይኸው ዛሬም እየጻፍኩ ነው።

አያ ወርቁ ከቀብሩ ወዲህ በደጃችን ማለፍ ትተው በሸለቆው መዞር ጀመሩ። ለማንም «ያበርታህ» ማለት ትተዋል ሲሉም ሰማሁ።

ባለፈው ወር ነፋስ የሰነጠቀው ባሕር ዛፋችን ተማሪዎች የሚሄዱበት መንገድ ላይ አዘነበለ። መቆረጡ ግድ ነው። ሙሉ የሚባለው የባሌ ወንድም አንድ ባለመጋዝ ይዞ መጣ። ሰውየው ጋቢ ለብሷል፤ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ጋቢህን አውልቅ። ይኸውልህ የአያሌው ቡትስ። ሞተሩ እየሠራ እጅህ ከመጋዙ አይለቅም፤ ማንም ሰላም ቢልህ አትመልስም።»

ሰውየው ሙሉን አየው። «ወንድሜ፣ ዛፍ ልቆርጥ ነው ወይስ ልመነኩስ?»

«እታለም፣ ተይ እንጂ፣ ሰው ይስቅብናል» አለኝ ሙሉ።

«ይሳቅ። ስቆ የሞተ የለም።»

ሙሉ የወንድሙን ቡትስ አየና አቀረቀረ። ከዚያ ወደ ባለመጋዙ ዞሮ «አድርገው» አለው። እኔም የአያሌውን ጋቢ ከሣጥን አውጥቼ፣ የዛፉን ቁመት ከነግማሹ ተራምጄ መንገዱ ላይ አነጠፍኩት። ሙሉን በወዲያኛው በኩል አቆምኩት።

መጋዙ መጮህ ጀመረ። በዚያ መሐል አያ ወርቁ ብቅ አሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአጥር ላይ ሆኖ ያይ ነበርና ወሬው ደርሷቸዋል መሰለኝ። ጋቢው ጫፍ ላይ ሲደርሱ አወቁት። ቆሙ። ከንፈራቸው «ያበርታህ» ሊል ተንቀሳቀሰ። ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ «ይቆዩ አያ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይሉታል» አልኳቸው። ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን። ዛፉ እኛ ጋ ሳይደርስ ወደቀ። ባለመጋዙ ሞተሩን አጠፋ፤ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እግዜር ያበርታችሁ» አሉ አያ ወርቁ።

ባለመጋዙም፣ ሙሉም፣ እኔም፣ አጥር ላይ የነበረውም ሁሉ «አሜን!» አልን።

ጋቢውን አንሥቼ አራገፍኩት፤ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። የልጅነቴ ጫካ ጸጥ ያለ ነበር፤ የምሳሩ ምት ሩቅ ይሰማል፤ ሰው ለመጠንቀቅ ጊዜ ነበረው። የዛሬው ያጓራል፣ ይቸኩላል፣ ጊዜም አይሰጥም። ስለዚህ ጊዜውን እኛ እንወስዳለን፤ «ባለጌ» ይበሉን። አባቴ ወንዝ ለተሻገረ ሰው አሜን ሲል የሰማሁ ልጅ ነኝና አንድ ነገር አውቃለሁ፤ አሜን ቢዘገይ አይሻግትም።