መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ

ቀኝ እጄ የተሰበረው ሮቤ ገበያ ውስጥ ነው። ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው፤ ከፊቴ አንዷን አንሸራተታትና ስስቅ እኔው ተነጠፍኩ። አላህ የእጄን ወዲያው ነው የሰጠኝ።

ጎባ ሆስፒታል ጀሶ አደረጉልኝ። ጀሶው ሲወልቅ ግን ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ፤ እንደ ደረቀ ቆዳ ቀጥ ብለው ቀሩ። ነርሷ የላስቲክ ኳስ ሰጥታኝ በየቀኑ ይጭመቁ አለችኝ። ሁለት ቀን ጨመቅኩ፣ በሦስተኛው ለጎረቤት ልጆች ሰጠኋቸው። እኔ እጅ ላይ ከምትሰቃይ ጎል ትግባ ብዬ።

ቀኝ እጅ ከሌለ ደግሞ መብላት የለም። በግራ የሚበላ ሸይጣን ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ልጄ እንደ ጨቅላ ታጎርሰኝ ጀመር። ቤት ውስጥስ እሺ፣ ሰርግ ሄጄ ሰው ፊት አፌን ከፍቼ ልቀመጥ? ሰርግ መሄድ ተውኩ። ሰርግ ከቀረብኝ ምን ቀረኝ።

ያኔ ኢንተርኔት እንዳሁኑ በየሰው ስልክ አልገባም። የልጄ ልጅ አስፋልቱ ዳር ካለ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሲከፋኝ እሷ ጋ እቀመጣለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ጉድ ታሳየኛለች። በዓለም ላይ ሥራ የፈታ ሰው ብዛቱ። አንዱ ሳር ሲያድግ ቀኑን ሙሉ ያሳያል። አንዱ ቁልፍ ሠርቶ "አትንኩ" ብሎ ጽፎበታል። ነካሁት፣ ምንም አልሆነም።

አንድ ቀን "አኮ" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ። ይሄኛው ከዓለም ረጅሙ ገጽ ነኝ ይላል አለች። የጉድጓድ ሥዕል ነው። ማውሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ ሲያሽከረክሯት ገመዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ታቹ ምን አለ ብላት፣ እዚህ ከተማ የደረሰበት ሰው የለም አለችኝ።

እንዲህ ተብዬ ልተወው? ገሰራ ገጠር ያደግኩ፣ ስንት ጉድጓድ የቀዳሁ ሰው ነኝ። በግራዬ ማውሱን ስይዝ ነጠቀችኝ።

"በቀኝ ካልሆነ አይቆጠርልዎትም።"

ደንቡ የገጹ መሰለኝ። ቀኝ ጣቴን በግራዬ አንስቼ ጎማዋ ላይ አስቀመጥኳት። የመጀመሪያ ቀን ላብ በላብ ሆኜ አንድ ክንድ ብወርድ ነው። በማግስቱም ሄድኩ፤ አንዷ ጣት ስትደክም ሌላዋን እተካለሁ። በያንዳንዷ ዙር ሱብሃነላህ እላለሁ። ግማሽ ስደርስ መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ እንደገና ከአፉ መጀመር ነው። ደንበኞቹ፣ እማማ ዛሬስ ውሃው ጋ ደረሱ እያሉ ይቀልዱብኛል። ስደርስ ለናንተ አልቀዳም እላቸዋለሁ።

ስንት ሳምንት እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። ስንዴ ሲታጨድ፣ መብራት ሳይጠፋ በዋለበት ቀን፣ ታቹ ደረስኩ። አንዲት እንቁራሪት ቁጭ ብላለች፣ ከጎኗ ጽሑፍ አለ። አንብቢልኝ አልኳት።

"ውሃ የለም፣ ወደ ላይ ይመለሱ ይላል።"

ያን ሁሉ ወርጄ! ብሽቅ ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

ልጅቷ እጄን ታያለች። እኔም አየሁት። ቡጢ ነው። አምስቱም ጣቶቼ ታጥፈዋል። አልሃምዱሊላህ ብዬ ዘረጋሁት፣ ደግሜም ጨበጥኩት።

ከዚያ፣ በቀኝ ካልሆነ አይቆጠርም የሚለው የት ነው የተጻፈው አልኳት።

"የትም" አለችኝ። "ኳስዎን ልጆቹ ሲጠልዟት አይቼ ነው።"

ያንን ደረቅ ጉድጓድ የሠራው ሰው የት አገር እንዳለ፣ ሃይማኖቱም ምን እንደሆነ አላውቅም። ማንን እንደጠቀመ እሱም አያውቅም። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ ግን አልዘለውም፤ አላህ እጁን አይንሳው እላለሁ።

በዚያው ሳምንት ሰርግ ሄድኩ። ከሴቶቹ ጋር ትሪ ከበብን። የመጀመሪያውን በገዛ እጄ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩና ልጅቷን ጠራኋት። ዋሽታኛለችና፣ መናገር እስኪያቅታት አጎረስኳት።