መኪናዋ በተወደደች ቁጥር

ወንድሜ መኪናዋን የገዛት ቀን ስቄበታለሁ። ከኔ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ የተጋጩ መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነው። አንድ ሽማግሌ ደንበኛው ጓሮው ውስጥ ለዓመታት የቆመች የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረችው። ቀይ ናት፤ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠ። የሚገዛት ሲያጣ ለወንድሜ በርካሽ ሰጠው። ፋብሪካው ከሠራቸው ሁሉ ያቺ ዓይነት የተናቀችው ነበረች አሉ። ወንድሜ ያጠራቀማትን ጥርግ አድርጎ ከፍሎ በቶው ትራክ አስጭኖ አመጣት። ሄጄ ሳያት አይጥ መቀመጫው ውስጥ ወልዳበታለች።

"በዚህ ብር እኮ ለቤት ዳውን ፔይመንት ታደርግ ነበር" አልኩት።

"እትዬ፣ ቆይ ታያለሽ" አለኝ።

ምን አያለሁ ብዬ እየሳቅሁ ወደምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ተመለስኩ።

እናታችን የምትኖረው ከኔ ጋር ነው። ወደዚህ አገር ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ፕሮሰሷን የጨረስኩት፣ ኤርፖርት የተቀበልኳት፣ ለጉልበቷ ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ። ወንድሜ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ብቅ ይላል፣ ግንባሯን ይስማል፣ አንድ ቀልድ ይነግራታል፣ ይሄዳል። እሷ በዚያች ቀልድ እስከ ረቡዕ ስትስቅ ትከርማለች። ይሄ ነገር ድሮም ያንገበግበኛል። ልጆች ሆነን እንኳ ዕቃ የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ የሚመረቀው ግን እሱ።

መኪናዋን ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራ ሞተሯን አስነሳት። ቀለሟን ግን አልነካም። ቀለም ቀቢ ሆኖ ያንን አለመቀባቱ ገርሞኝ ስጠይቀው፣ "ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፤ ከነካሁት ቫልዩዋ ይወርዳል" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ዋጋዋ መውጣት ጀመረ። ነገሩን ያስረዳኝም እሱ ነው። የጣሊያኖቹ ፋብሪካዎች በእጅ የሚገባ ማርሽ መሥራት ትተዋል። በልጅነታቸው የእነዚህን መኪኖች ፎቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ የነበሩ ሰዎች ደግሞ ዛሬ ሀብታም ሆነዋል። ትልልቆቹ ዓይነቶች ዋጋቸው አልቀመስ ሲል ሰብሳቢው ሁሉ ዓይኑን ወደ ተናቀችው አዞረ። ወንድሜ ምንም ሳያደርግ፣ እሷ ሽፋን ለብሳ ጋራዥ ውስጥ እንደተኛች፣ ዋጋዋ ከገዛበት ብዙ እጥፍ ሆነ። እኔ በነዳኋት ቁጥር ዋጋዋ የሚወርድ መኪና እየነዳሁ ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

እስከዚያ ድረስ ቅናቴ ተራ ቅናት ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ግን ወንድሜ እንዲህ አለ፦ "እማዬ፣ መኪናዋ ስትሸጥ ቤት እገዛለሁ። ደረጃ የማትወጪበት፣ ከኋላ ጓሮ ያለው። ያንቺ መኝታ ቤት ከታች ይሆናል። ከኛ ጋር፣ ከልጆቻችን ጋር ትኖሪያለሽ።"

እናቴ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብላ መብላቷን ቀጠለች። የኔ አፓርታማ አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱም አንድ ወር ሠርቶ አንድ ወር የሚታመም ነው። ምን ብዬ ልከራከር? ማታ ዕቃ ሳጥብ አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ።

ከዚያ ወዲያ የመኪና ጨረታ ተከታታይ ሆንኩ። የምሠራው ኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። በብሬኬ ሰዓት ስልኬን አውጥቼ የዚያችን ዓይነት መኪና የት ለጨረታ ቀረበች፣ ስንት ገባች እያልኩ አሳድዳለሁ። "አልተሸጠችም" የሚል ሳነብ ቀኔ ይበራል። አንዷ ከተገመተላት በላይ ወጣች ከተባለ ምሳዬን ሳልጨርስ እነሳለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ካሊፎርኒያ ተቀምጠው ዋጋ በጨመሩ ቁጥር እናቴን አንድ አንድ ደረጃ እያወረዱ ከቤቴ የሚያስወጡብኝ ይመስለኝ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስልኬን አየት አድርጋ፣ "መኪና ልትገዢ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ዋጋዋ ሲወድቅ" አልኳት።

አልወደቀም። እናቴ ደግሞ ወንድሜ በደወለ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥላ "መኪናዋስ እንዴት ናት?" ማለት ጀመረች፤ ስለ ምራት የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። ሐኪም ቤት የምትመላለስባትን የኔን መኪና አንድ ቀን እንዴት ናት ብላ አታውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በብረት ቀናሁ ይባላል?

መኪናዋ ለጨረታ ልትጫን ሳምንት ሲቀራት ወንድሜ የቤት ኅብረታችንን ጠራ። በኛ ቤተ ክርስቲያን መኪና ሲገዛ ይጸለይበታል፤ ሊሸጥ ሲል የተጸለየለት ግን ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተከራይቶ ወደሚያቆምበት ጋራዥ ሄድን። ሽፋኑን ገፈፈው። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም፤ ቆንጆ መሆኗ ራሱ አናደደኝ። ከእናቴ ጋር የመጣሁ እኔ ነኝ፣ እናቴ ግን ከእጄ ወጥታ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ቀድማ መኪናዋ አጠገብ ደረሰች።

ሰዎቹ እጃቸውን ሊጭኑባት ሲጠጉ ወንድሜ ደነገጠ። "ፕሊስ፣ ቀለበት ያላችሁ፣ ሰዓት ያላችሁ፣ ቀለሙ ኦሪጅናል ነው" አለ። ስለዚህ ሁላችንም እጃችንን ከቀለሙ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ዘረጋን፤ እሳት የምንሞቅ ነበር የምንመስለው። ፓስተሩ መዝሙር አስዘመሩ፣ ጥቂት ተናገሩ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው "ታላቅ እኅቱ ትጸልይልን" አሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። በሰው ፊት መጸለይ አያቅተኝም፤ አፌ ለምዶታል። ለወንድሜ እጆች አመሰገንኩ። ለልጆቹ ትምህርት፣ ለሚስቱ ጤና፣ ለአገራችን ሰላም፣ ለእናቴ ጉልበት ለመንኩ። መኪናዋን የሚጭነው ሹፌር በሰላም ደርሶ እንዲመለስ ሳይቀር ጸለይኩለት። ስለ ሽያጩ አንድ ቃል ሳይወጣኝ "በኢየሱስ ስም" ብዬ ዘጋሁት። ሁሉም አሜን አሉ። ወንድሜ ጥብቅ አድርጎ አቅፎኝ "እትዬ ተባረኪልኝ" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምንም አላስተዋለም። እንዲህ ሲሆን የባሰ እቀናበታለሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ስንመለስ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። የወንዙን ድልድይ ተሻግረን ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ እንደገባን፣ "ስለ ሽያጩ አልጸለይሽም" አለችኝ።

"ረስቼው ነው።"

"አልረሳሽውም።"

መንገዱን እያየሁ መስመር ቀየርኩ።

"አንቺን እንዲያስጸልዩ ለፓስተሩ የነገርኳቸው እኔ ነኝ" አለች።

"ለምን?"

"አንቺ አፍ አውጥተሽ ሂጂ ሳትዪኝ መሄዱ ከበደኛ።"

ያን ሁሉ ወራት ወንድሜ ሊወስድብኝ ነው ስል ነበር የከረምኩት። እሷ ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣም። አሁን ጠየቅኋት። "መሄድ ትፈልጊያለሽ፣ እማዬ?"

"አንቺ ገና ሳይነጋ ትወጫለሽ። ስትመለሺ ደክሞሽ ትተኛለሽ። አልፈርድብሽም፣ ሥራ ነው። በመሀል ያለው ቀን ግን የኔ ነው፤ ይረዝምብኛል። እዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ።"

"በአማርኛ ስታወሪያቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልሽ" አልኳት። ክፋቴ ገና አላለቀም ነበር።

"ይሁን፤ ይመልሱልኛል" አለች።

አፓርታማው ፓርኪንግ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። እናቴ በሩን አልከፈተችም። ነጠላዋን አስተካከለች፣ መዳፎቿን ወደ ላይ አድርጋ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፍና እንድጸልይ ጠበቀችኝ። እምቢ ብላት እንደማትሄድ አውቃለሁ። ስትጠብቀኝ ትንሽ ቆየሁ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ቆየሁ። እንድትቀርልኝ የነበረኝ የመጨረሻ ዕድል ያ ነበር፤ እሷም በእጄ ትታልኝ ነበር።

መሪውን እንደያዝኩ "ጌታ ሆይ" አልኩ። "የወንድሜ መኪና በጥሩ ዋጋ" ብዬ "ትሸጥ" ለማለት ትንፋሽ ስወስድ፣ እናቴ እኔን ሳትጠብቅ "አሜን" አለች።