ራሷን ስትገፋ የነበረችው ሽክርክሪት

እንኳን ደስ ያላችሁ! ዞራለች። ዛሬ ከምሳ በፊት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ዞራለች። አንዴ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ እሷ ግን በነኳት ቁጥር ዞረች፣ ያውም ሁልጊዜ ወደ ቀኝ።

ማን ናት አትሉኝም? ሽክርክሪት ናት። ኧረ ቆዩ፣ የልጆች መጫወቻ እንዳትመስላችሁ። አንድ ዘለላ ፀጉር ወስዳችሁ ብትሰነጥቁ፣ ስንጣቂውን መልሳችሁ ብትሰነጥቁ፣ ምላጩም እጃችሁም እስኪዝል ብትቀጥሉ፣ የቀረው አሁንም ከእሷ ይወፍራል። ከአተሞች የተገጣጠመች ባለ ሦስት ክንድ ሞለኪውል ናት። የምሥራቹ ግን የእሷ ሳይሆን የባለሣጥኗ ነው።

ባለሣጥኗ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ናት። በምርምር ተቋሙ ላይኛ ፎቅ፣ ኮምፒውተሮቹ እንዳይግሉ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ በሚያጓራበት ክፍል ውስጥ ሹራብ ደርባ ትውላለች። ሥራዋ ምድር ቤት ያሉት ሞለኪውል ሠሪዎች እሳት ከመለኮሳቸው በፊት ማስላት ነው። የትኛው አተም ከየትኛው ቢያያዝ ይጸናል፣ ቢሞቅ እንዴት ይንቀጠቀጣል፣ ማን ማንን ይገፋል፣ ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለች የስሌት ሣጥን ከትታ ታየዋለች። «ሣጥኔ ውስጥ እኮ...» ሳትል ወሬ ስለማትጀምር ስሙ ወጣላት። ባሏ ደግሞ ለደንበኞቹ፣ «ሚስቴ የሠራችው ነገር ከእጇ ከወደቀ አለቀልን፤ ቤቱን ሁሉ ብንጠርግ አናገኘውም» ይላል።

የሠሪዎቹ አለቃ ጋሼ ሎሚ ይባላሉ፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። ፊታቸው ሲፈታ ያየ የለም። ባለሣጥኗን ልጅ ድራ እንኳ «አንቺ ልጅ» ነው የሚሏት። ኩርፊያቸው ግን ያለምክንያት አልነበረም። ከላይ ተሰልቶ የወረደላቸው ሁሉ ስክሪን ላይ አምሮበት፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ዝቃጭ እየሆነ አንገሽግሿቸዋል። ሥራ አስኪያጁም ታግሠው ታግሠው ቁርጡን ተናገሩ፤ ይህቺ ሽክርክሪት ካልዞረች የስሌት ክፍሉ ይዘጋል። ባለሣጥኗ ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚያ ክፍል ነው። ከዚያ ወጥታ የት ሄዳ ምን ልታሰላ?

ሣጥኗ ውስጥ ግን ሽክርክሪቷ ታምር ነበር። ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲነካት እንደ ሙሽራ ሽክርክር ትላለች። ጋሼ ሎሚ አገላብጠው አይተው «እስቲ እንሞክራት» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው። ጠርሙሶቹ ተጣዱ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ዓለምን በሙሉ ማስላት አይችልም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትሰላና ያችው ሣጥን በግራ በቀኝ፣ በላይ በታች፣ በውስጧ ካለው ሁሉ ጋር፣ ራሷን እየደገመች ዓለሙን ትሞላለች። የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ሣጥኗ እስከሰፋች ድረስ ጉዳት የለውም። ባለሣጥኗ ግን ስሌቱ ቶሎ እንዲያልቅላት ብላ ጠበብ አድርጋት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ባሏ ሱቅ ጎራ አለች። ደንበኛ ማጅራቱን እንዲያይ ብሎ ከኋላ ግድግዳ ላይ አዲስ መስታወት ሰቅሏል። የፊቱና የኋላው ተፋጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አንድ ሹፌር ሰልፍ አድርገውታል።

«አየሽልኝ?» አላት ባሏ መቀሱን እያንቀጫቀጨ። «ሰው በሌለበት ቀን እንኳ ወረፋ አለኝ።»

ሳቀች። ሹፌሩ ራሱን ዘንበል ሲያደርግ ሰልፉ ሁሉ አብሮ ዘንበል አለ። እነዚህ ሰዎች ትንሽ ቢጠጋጉ ኖሮ ጆሮና ጆሮ ይጋጩ ነበር፤ ሹፌሩም ራሱን በራሱ ይገፋ ነበር። የጠበበችው ሣጥኗ ትዝ አለቻት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ባሏ መስታወቱ ያስቀየማት መስሎት እስከ ማታ ሲጨነቅ ዋለ።

ሰኞ ሣጥኗን አስፍታ እንደገና አሰላች። የፈራችው አልቀረም። ሽክርክሪቷ ባለችበት ተንቀጠቀጠች እንጂ አልዞረችም። ለካ ያ ሁሉ መሽከርከር ክንዷ የራሷኑ ግልባጭ እየነካ፣ ራሷ ራሷን ስትገፋ ነው።

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ሽክርክሪቷ ተሠርታ ስትገተር «ሠሪዎቹ አበላሿት» ይባላል፤ እሷም ትተርፋለች። ብትናገር ክፍሏን በገዛ እጇ መዝጋቷ ነው። ሻይ ቀዳች፤ ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

«ጋሼ፣ እሳቱን ያጥፉት» አለች በሩ ላይ ቆማ። «አትዞርም። ሣጥኑን አጥብቤው ራሷን ነው ስትገፋ የነበረችው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከሠሪዎቹ አንዱ፣ ራሷን ከገፋችማ ነዳጅ ተረፈ ብሎ አሾፈ። ጋሼ ሎሚ ገላመጡትና ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እስከ ዛሬ ከላይ የሚወርድልኝ ‹ይሠራል› የሚል ብቻ ነው። ‹አይሠራም› ብላ የመጣች የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። በይ ተቀመጪ።»

ያን ቀን ሳይለያዩ ዋሉ። እሳቸው በግማሽ ከተሠራው ላይ ምኑ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ምኑ ከተነካ ሁሉም እንደሚፈርስ ነገሯት። እሷ የነገሯትን ይዛ ሰፊው ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሎሚ ጉልበታቸውን እየረገሙ ደረጃውን ይወጡ ጀመር፤ ብርዱን ስላልቻሉት ሹራቧን ለብሰው አጠገቧ ይቀመጣሉ። እጅጌው ክንዳቸው መሀል ላይ ነበር የሚቀረው፤ የሳቀ ግን የለም፣ ማን ደፍሮ። አንዱን ክንድ ቢያረዝሙት ሽክርክሪቷ ተጋደመች። ሌላውን ቢያከብዱት እንደ ማስቲካ ተለጠፈች። በመጨረሻ አንዱን አሳጥረው ጎበጥ ሲያደርጉት፣ እንደ ቀድሞዋ ሙሽራ ሳይሆን እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ዞረች። በሰፊው ሣጥን፣ የሚገፋት ግልባጭ ሳይኖር።

ዛሬ ታዲያ አተምን በመርፌ ጫፍ እየዳሰሰ በሚያሳየው ማይክሮስኮፕ የምትታይበት ቀን ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጡ፤ ሠሪዎቹ ተኮለኮሉ። ጋሼ ሎሚ ባለሣጥኗን ከፊት አቆሟት። መርፌው በጥቂት ኤሌክትሪክ ነካት። ምስሉ ደግሞ መስመር በመስመር ነው የሚሳለው፤ ነፍስ ያስጨንቃል። አንዱ ክንድ ታየ። ሁለተኛው ታየ። አጭሩ ክንድ ቀድሞ በነበረበት በኩል ባዶ ሆነ። ባለሣጥኗ የጋሼ ሎሚን ክንድ መያዟን ያወቀችው ኋላ ነው። ከዚያ አጭሩ ክንድ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ብቅ አለ።

ደገሙት። አሁንም ወደ ቀኝ።

ሥራ አስኪያጁ ስለመዝጋት ትንፍሽ አላሉም። «ቀጥሎ ምን ልትሠሩ ነው?» ብቻ ነው ያሉት።

«እሷን ይጠይቋት» አሉ ጋሼ ሎሚ። «እኔ ከላይ ሳይወርድልኝ እሳት አልለኩስም።»

ባለሣጥኗ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። ጋሼ ሎሚ ፈገግ አሉ የሚሉም አሉ። እሱን እንኳ ሳላጣራ አልምልም። ደግሞስ እዚህ ቆሜ ሳወራ ዳቦ ቤት ያለችው ታላቅ እህቷ ገና አልሰማችም፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ።