ሱሪው የጠበበው ጅብ

እኔ ሳቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሐይቅ ከተማ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ ስሰፋ ደንበኞቼ ቢቀልዱ እንኳ ቀና ሳልል «ክንድህን ዘርጋ» እላለሁ። ባለቤቴ ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጣም ሰው የምታስቅ ሴት ነበረች። እሷ ጅዳ ለሥራ ስትሄድ ቤታችን ጭር አለ። ልጃችን ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ነው የሄደችው።

ሁለቱ ዓመት ሲሞላ በእሷ ፋንታ አንድ ፌስታል መጣ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ነው ያደረሰልን። ውስጡ የልጅ ቀሚስ፣ አንድ ካሴትና አንድ የሥዕል መጽሐፍ አለ። በዚያ ዘመን ዐረብ አገር ያለ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፁን በካሴት ቀድቶ መላክ ይቀናው ነበር፤ ናፍቆቱንም፣ ለየጎረቤቱ የሚያደርሰውን ሰላምታም። እኔም ሰላምታዬን ልሰማ ቴፑን ከፈትኩ። «መጽሐፉን ያዥና ቁጭ በይ የኔ ዓለም» አለች ለልጇ። ለእኔ አንድም ቃል የለም። አልዋሽም፣ ተናደድኩ።

መጽሐፉ በዐረብኛ የተጻፈ ነው። ባለቤቴ ቁርኣን ብትቀራም ዐረብኛ አንብባ አትረዳም፤ ስለዚህ ሥዕሉን እያየች የራሷን ተረት ፈጥራለታለች። ሥዕሉ ላይ ያለው አውሬ ድብ ይመስለኛል፤ እሷ ጅብ አድርጋዋለች። ይህ ጅብ ውጫሌ ሰርግ ተጠርቶ ሱሪ ሊያሰፋ ሐይቅ ይመጣል። ሰፊው ደግሞ እኔ ነኝ! «አባትሽ ሳይለካ ሰፋለት» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ሱሪው በየገጹ ይተረተራል፤ ጅቡ ሲቀመጥ ጧ፣ ሲያጎነብስ ጧ፣ ለሙሽራዋ እጅ ሲነሣ ደግሞ ጧጧጧ። ገጽ መግለጥ ሲያስፈልግ ብርጭቆ በማንኪያ መታ ታደርጋለች።

ይህ ሁሉ ግን በሹክሹክታ ነው። የሰው ቤት ናት፤ ወጥ ቤት ተደብቃ ነው የቀዳችው። ጅቡ ራሱ ሲጮህ በሹክሹክታ ነው የሚጮኸው። ሁለት ገጽ ሲቀር «ካሴቱ ሊያልቅብኝ ነው» አለች። «የቀረውን ስመጣ እነግርሻለሁ። እስከዚያ እንዳትገልጪው፣ አደራ።» ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ልጄ ያን ቀን እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረችና «አባዬ፣ የቀረውን ስፋልኝ። እኔ ሳላስበው ልገልጠው እችላለሁ» አለችኝ። ራሷን አላመነችም፣ ገና አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ይዤ ዳር ዳሩን በነጭ ክር ሰፋኋቸው። እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ቀልድ ነበር የሰፋሁት፤ በጥቂት ወር ውስጥ የምንፈታው መስሎኝ።

ከዚያ በኋላ የባለቤቴ ወሬ ጠፋ።

መጀመሪያ ፖስታ ዘግይቶ ይሆናል አልኩ። ከወራት በኋላ በተወችልኝ ቁጥር ስልክ ቤት ሄጄ አስደወልኩ። አንዲት ሴት በዐረብኛ አንድ ነገር ተናገረችና ዘጋችው። በሌላ ቀን አስደወልኩ፣ አይነሣም። ልጄ በበኩሏ ካሴቱን በቀን ሦስቴ አራቴ ትሰማለች። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ እስኪሞቅ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ለሰፈር ልጆችም ተረቱን ትነግራቸዋለች፣ በሹክሹክታ። አስቂኝ ተረት የሚነገረው እንደዚያ ብቻ ይመስላታል። አንጀቴን የበላችኝ ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆነች ልጅ ከጅዳ ተመለሰች። እንኳን ደኅና ገባሽ ልላት ሄጄ ስለ ባለቤቴ ጠየቅኋት። ዓይኔን ላለማየት ነጠላዋን ታስተካክላለች። «ወንድሜ፣ ወላሂ እኔ አላየሁም፣ የሰማሁትን ነው» አለች። «አንዲት የሐይቅ ሴት ከአሠሪዎቿ ቤት ዕቃ ወስደሻል ተብላ ፖሊስ ወሰዳት ሲሉ ሰምቻለሁ። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።»

ዕቃ። ወደ ቤት ስመለስ በዓይኔ የሚመጣው መጽሐፉ ነው። ባለቤቴ የሰው መርፌ የምትነካ ሴት አይደለችም። ግን ልጇን ለማሳቅ ስትልስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በሳቀች ቁጥር፣ ይኼ ሳቅ በእናትሽ እስር የተገዛ ቢሆንስ እያልኩ የገዛ ልጄን ሳቅ ጠላሁት።

በዚያ ላይ ቴፑ ካሴቱን በላው። ጅቡ እጅ የሚነሣበት ቦታ ላይ ክሩ ተጠላልፎ ተበጠሰ። የተበላሸውን በመቀስ ቆርጬ በፕላስተር ቀጠልኩት፣ በእስክሪብቶ እያዞርኩ መለስኩት፤ የአንድ ገጽ ተረት ግን ጠፋ። ልጄ ቦታው ሲደርስ «አንተ ንገረኝ» አለች። ነገርኳት። ጧ ማለት እንኳ አልሆነልኝም። «እንደዚህ አይደለም! አንተ አታውቅበትም!» ብላ እሪ አለች። እውነቷን ነው፣ አላውቅበትም። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

በማግሥቱ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ውጫሌ ሄድኩ። ሐይቅ ዐረብኛ የሚያነብ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚስቴ ነገር በከተማው እንዳይወራ ፈርቼ ነው። ውጫሌ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ሸህ አሉ። የአሠሪዎቿ አድራሻ ወይም ስም ቢገኝበት ብዬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሱሪው የተቀደደውን አውሬ ሲያዩ ፈገግ አሉ። እኔ ግን የሽፋኑን ውስጥ አሳየኋቸው፤ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ጽሑፍ ነበረበት።

«ምን ይላል፣ ያ ሸህ?»

«የልጅ እጅ ነው። ‹የኔ ነው› ይላል።»

«ስምስ? አገርስ?»

«የለም።»

«ለእሷ ሰጥቻለሁ የሚል የለውም? ደኅና አርገው ይዩልኝ እስቲ።»

ወደ መስኮቱ ወስደው ዘወር ዘወር አደረጉት። «‹የኔ ነው› ብቻ ነው፣ ልጄ» አሉ። የተሰፋውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱና «ይኸን ልፍታውና መጨረሻውን ልንገርህ?» አሉኝ።

«አይ፣ ይተዉት» አልኩ፤ መጽሐፉን ከእጃቸው መንጠቄን ያወቅኩት ኋላ ነው። አልተቀየሙኝም። «አብሽር፣ አላህ ያመጣታል» ብለው እስከ በር ሸኙኝ።

የሰማሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ፊደል ለየች። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት መጥታ የልብስ ምልክት የማደርግበትን እርሳስ ወሰደች፤ መጽሐፉን ከፍታ ከዚያ ሙንጭርጭር ሥር በትልልቁ ጻፈች። «አባዬ፣ አንብበው» አለችኝ። «የኔ ነው» ይላል። በላይ ያለው ምን እንደሚል አታውቅም። ጎበዝ አልኳትና ወደ ስፌቴ ዞርኩ፤ ክሩን ግን መርፌው ዓይን ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

ባለቤቴ አልመጣችም። መሞቷን የነገረኝ የለም፣ መኖሯንም የነገረኝ የለም። ከጅዳ ሰው ተመለሰ በተባለ ቁጥር ሐይቅም ሆነ ውጫሌ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ካሴቱም አርጅቶ ድምፁ ጠፋ። ተረቱን ሳትስት የያዘችው ልጄ ብቻ ናት።

ልጄ አሁን እናት ሆናለች፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ባለፈው እቤት መጥተው ያንኑ መጽሐፍ ታሳያታለች። ብርጭቆ በማንኪያ መታ እያደረገች፣ በሹክሹክታ። ትንሿ ትንከተከታለች። የተሰፋው ጋ ሲደርሱ «የቀረውን የኔ እማ ስትመጣ ነው» አለቻት። ትንሿ አልሰማቻትም። በጥፍሯ ክሩን ይዛ ሳበችው፣ አንዱ ስፌት ተፈታ።

«ተይው!» ብላ ጮኸች ልጄ።

ያን ተረት ስትነግር ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ ሲወጣት የመጀመሪያው ነው። ትንሿ ደንግጣ አለቀሰች። ልጄም እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ እኔ አየች። ተነሥቼ መርፌና ነጭ ክር አመጣሁ።