ጡሩምባው የገባበት ዘፈን

የራሳችን ዘፈን አልነበረንም። ወላጆቻችን በሠርጋቸው የጨፈሩበትን ቀዝቃዛ የፍቅር ዘፈን እናነሳና፣ ጊታሩን አስጩኸን፣ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገን እንለቀዋለን። እኔ ቤዝ ነው የምጫወተው፤ ቀስ ያለ ነገር ያቁነጠንጠኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ እግሬ አያርፍም።

የምንጫወተው ከዊንጌት ከፍ ብሎ በተዘጋ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱን የሰጡን የግቢው ባለቤት፣ አንዲት ባልቴት ናቸው። ያስጠነቀቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ድምፃችን እንዳይሰማ፣ ከተሰማ ቁልፋቸውን እንድንመልስ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጊታር ከመሰካታችን በፊት፣ ድራመራችን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቤት ሄዶ ዛሬ ሰላም መሆኑን ጠይቆ ይመጣል።

በዚያ ቅዳሜም ሰላም ነው ተባለ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዘፈኑን አጋምሰን ሳለ መብራት ጠፋ። ለዚህም ልማድ አለን፤ እኛ ዝም እንላለን፣ ሰዉ ዘፈኑን በጩኸት ይጨርሰዋል። እየጮኹ ሳለ ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። እኛ ያዘጋጀነው መስሏቸው አበዱ። ጡሩምባው በተነፋ ቁጥር እሪ ይላሉ። እኔም የዘፋኛችን ሥራ መስሎኝ በደስታ ዘለልኩ።

በሩ ተከፈተ። ጡሩምባ ነፊው ገብተው ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁ። የባልቴቷ ወንድም ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል አሉን፤ ባልቴቷም ለእድሩ ደውለው እየመጡ ነው። ወንድማቸው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት አገር ሲዞሩ የኖሩ፣ ታመው እህታቸው ዘንድ የመጡ ሰው ናቸው። ሰፈር ውስጥ የሚያውቃቸው የለም።

የፈሩት ይደርሳል ነው፤ አበቃልን አልኩ። ድራሙን አውጥተን አግዳሚ ወንበር አስገባን፣ ድንኳን ተከልን፣ ቀበርን። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልመልስ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። መሬቱን እንዳይደበድብ ጉልበቴን በእጄ ይዤ ለቅሶ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚህ ቤት ከወጣን የሚያስጠጋን እንደሌለ አውቃለሁ፤ ባንዱም በዚያው ይቀራል።

በሠልስቱ ባልቴቷ ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቁልፉን አወጣሁ። እሳቸው ግን አላዩትም።

«ለሱ ማን ያለቅስለታል እያልኩ ነበር የመጣሁት» አሉ። «ከታክሲ ስወርድ፣ ጡሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ እሪ ሲልለት ሰማሁ። እናንተም ነበራችሁበት አሉኝ። ብድራችሁን እግዜር ይክፈላችሁ፣ ልጄ።»

ድራመራችን አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ቁልፉን መልሼ ኪሴ ከተትኩት፤ አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

«ነበርን፣ እትዬ» አልኩ።

ከአርባው በኋላ ተመልሰን ጊታራችንን ሰካን። ያንን ዘፈን ዛሬም በዚያው ፍጥነት እንጫወተዋለን። መብራት ጠፍቶ ሰዉ መጮህ ሲጀምር ግን እኔ አልዘልም፤ በሩን ነው የማየው።