መጨረሻውን ከፊት

ማዳም ቶሪካን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሚያስተምሩበትን የትምህርት ቤት ግቢና እኔ የምሠራበትን የኅብረት ሱቅ የሚለያያቸው አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ተያይተናል፤ የምናወራው ግን ስለ ሩዝ፣ ስለ ላምባና ጀልባው መቼ እንደሚመጣ ነው። ከእኔ የተሻለ የሚያውቃቸው ሰው ቢጽፍላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ማንም ስላልጻፈ፣ በሱቁ መስኮት ያየሁትንና የሰማሁትን እኔው ልሞክረው።

የመንደራችን ሰው አይደሉም። የተወለዱት ሸንኮራ በሚበቅልበት በትልቁ ደሴት ነው፤ ወደ መንደራችን ወደ ናኮሮቫቱ የመጡት እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ነው። ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ፣ ዝናብ ቢዘንብም ጃንጥላቸውን የማይዘረጉ፣ እንደ ምርኩዝ ይዘውት የሚሄዱ ሴት ናቸው።

አንድ ዓመት ከዋና ከተማው ከሱቫ የመጣ የትምህርት ተቆጣጣሪ እንዲህ ሲል በግልጽ ተናገረ። አስራ ሁለተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቀ ክፍሉ ይዘጋል፤ መማር የፈለገ ትልቁ ደሴት ሄዶ አዳሪ ይግባ። ልጁን አዳሪ ማስገባት የሚችል ቤት በእኛ መንደር ከሁለት አይበልጥም። የሌላው ልጅ ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃል ማለት ነው።

የሙከራ ፈተናው ታርሞ የመጣ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ማስተር ኢኖኬ ወረቀቶቹን ታቅፈው ማዳምን ዛፉ ሥር አስቆሟቸው።

«ተኮራርጀዋል!»

«ማን ከማን?»

«ሁሉም ከሁሉም! እስቲ ያንብቡት።»

ፈተናው ላይ የወጣው አጭር ልብ ወለድ አንዲት ልጅ ለታመመ አባቷ መድኃኒት ይዛ በሞላ ወንዝ ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ስትሻገር የሚያሳይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ድልድዩ መሃል ላይ ነው። መድረስ አለመድረሷ የሚታወቀው በመጨረሻው መስመር ነው። ጥያቄው «ጸሐፊው ልብ ሰቀላን የፈጠረው በምን ብልሃት ነው? ከታሪኩ ጭብጥ ጋርስ እንዴት ይያያዛል?» ይላል። ልጆቹ ሁሉ፣ ቃሉ ይለያይ እንጂ፣ የጻፉት አንድ ነገር ነው፦ ጸሐፊው ጥሩ አላደረገም፤ ልጅቷ መድረሷን መጀመሪያ መናገር ነበረበት። አራሚው በየወረቀቱ ላይ «ጥያቄው አልተመለሰም» ብሎ በቀይ ጽፎበታል።

ማዳም ወደ ሱቁ ገቡና ምንም ሳይገዙ ቆሙ። ኡናይሲ፣ የእህቴ ልጅ፣ ተማሪያቸው ናት፤ በዚያው ሰዓት ክብሪት ልትገዛ መጣች።

«ኡናይሲ፣ ተኮራርጃችኋል?»

«ኧረ ማዳም! ከማን እንኮርጃለን? ሴሜሳ እንደሆነ የገዛ ስሙን እንኳ አስተካክሎ አይጽፍም።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ዓይነት ጻፋችሁ?»

«ታሪኩን የጻፈው ሰውዬ ባለጌ ነዋ! አባትየው ቤት ተኝቶ እየጠበቀ እሱ ስለ ገመድ ያወራል፣ ስለ ደመና ያወራል። መጀመሪያ ‹ደርሳለች› አይልም?»

እኔ ሰው መሃል ገብቼ የማወራ አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አስረዳኋቸው። በእኛ መንደር ጀልባ ከዘገየ፣ የሚመለሰው ሰው ማዕበሉ የሚሰበርበትን ቋጥኝ ሳያልፍ፣ ገና ከባሕሩ ላይ «ሁላችንም አለን!» ብሎ ይጮኻል። የጎደለ ካለም የጎደለውን ስም ይጠራል። ነፋሱና ሞተሩ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ኬሌፒ የሚባል ጀልበኛ ተሳስቶ ከሞተሩ ጀመረ። አያቴ ቡቡ ቫሲቲ ጀርባውን መጥረጊያ አቀመሱትና «ሞተርህን አሣ ይብላው! ልጄ አለ ወይስ የለም?» አሉት።

ማዳም ባንኮኒውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸውን ጨርሰው፣ «ልጆቼ ሰነፎች አይደሉማ» አሉ ለራሳቸው።

ማስተር ኢኖኬ ግን መፍትሔው ሽምደዳ ነው አሉ። «አጭር ዓረፍተ ነገር፣ መጥፎ አየር፣ የተደበቀ መረጃ፣ ንግር። አራቱን ይያዙና ይጻፉ፤ አለቀ!» ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ ሲያወርደው በመስኮቴ ሰማሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ሴሜሳ ጠራራ ፀሐይ ባለበት ታሪክ ላይ «መጥፎ አየር» ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጎን ባለው ዳስ ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ያንጎና የሚባለውን፣ ከተክል ሥር የሚበጠበጠውን መጠጥ ይጠጣሉ። የእናቴ ወንድም ሞሞ ሌቫኒ ከዋርሳው ከታይቶ ጋር ጀልባቸው የተገለበጠበትን ቀን ያወራል። ያልሰማው የለም። ታይቶ ራሱ እዚያው ተቀምጦ መጠጡን ይቀዳል። ያን ቅዳሜ ማዳም ስኳር ሊገዙ መጥተው የሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ታይቶ ገመዱን ያዘ» አለ ሞሞ ሌቫኒ። «የቱን ገመድ? ጠዋት ‹ቀይረው› ያልኩትን ገመድ!»

«አላልከኝም» አለ ታይቶ።

«ዝም በል፤ አንተ እየሰመጥክ ነው።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ሞሞ ሌቫኒ ዝም አለ። ጽዋውን ትክ ብሎ አየ። ሊቀበለው እጁን የዘረጋው ሰው እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔም ሩዝ የምሰፍርበትን ቆርቆሮ እንዳነሳሁ ደርቄ ቀረሁ።

ማዳም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ጆኔ፣ ታይቶ እኮ ያው ተቀምጧል።»

«አዎ ማዳም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?»

ቆርቆሮውን ሩዙ ውስጥ መለስኩት። እሳቸውም ስኳሩን ረስተው ሄዱ።

ሰኞ ክፍሉ ዛፉ ሥር ወጣ። ሞሞ ሌቫኒ ተጠርቶ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ መጣ። «ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ» አሏቸው ማዳም። «እናንተ ትንፋሻችሁ የት ላይ እንደሚያዝ ብቻ መዝግቡልኝ።» ሰውዬው አወራ፤ ልጆቹ ተከራከሩ።

«ገመዱን ቀድሞ ሲጠራው» አለች አንዷ።

«እሱ ነው ንግር» አሉ ማዳም።

«ዝም ሲል» አለ ሴሜሳ።

«ዝም ያልኩት ጉሮሮዬ ደርቆ ነው!» ብሎ ተቆጣ ሞሞ ሌቫኒ።

«ውሸትህን ነው ሞሞ፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚደርቀው» አለ ሴሜሳ።

ከዚያ ማዳም ያንን የፈተና ታሪክ አደሏቸው። «ልጅቷ ደርሳለች። አባቷም ድኗል። አሁን አንብቡ።»

ልጆቹ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። መጀመሪያ ቀና ያለችው ኡናይሲ ናት።

«ማዳም፣ አባትየውን የሚያነሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መሃል ላይ፣ ‹መብራቱን አላጠፋም› ይላል።»

«እሺ?»

«ታሪኩ የድልድዩ አይደለም። የሚጠብቀው ሰው ታሪክ ነው። ጸሐፊው አልረሳውም፤ እኛም አብረነው እንድንጠብቅ ነው እንደዚያ ያደረገው።» ወረቀቱን አገላበጠች። «ባለጌስ አይደለም።»

ማዳም የዛፉ ሥር ላይ ቁጭ አሉ። «እንዳልሽው አድርገሽ ጻፊው» አሏት።

የቀረው ክርክር ከማስተር ኢኖኬ ጋር ነበር፤ ማዳም ዋናው ፈተና ላይ የመጨረሻውን አንቀጽ መጀመሪያ እንዲያነቡ ለልጆቹ ነግረዋቸው ኖሯል።

«ይሄማ ማጭበርበር ነው!»

«አይቻልም የሚል ሕግ ያሳዩኝና እተወዋለሁ።»

ማስተር ኢኖኬ ሕጉን አገላብጠው የሚከለክል አጡበት። በፈተናው ቀን፣ ሴሜሳ እንደነገረኝ፣ ከውጭ የመጣው ፈታኝ ልጆቹ ሁሉ እኩል ወደ መጨረሻው ገጽ ሲገልጡ አይቶ ደነገጠ። «ምንድን ነው ይሄ?» ቢል፣ «የመንደሩ ሥርዓት ነው፤ አይንኳቸው» ብለው የመለሱለት እነዚያው ማስተር ኢኖኬ ናቸው።

ውጤቱ ሲወጣ መንደሩ ሱቁን ሞላው፤ የስልክ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ከአስራ አንዱ ስምንቱ አለፉ። ክፍሉ አይዘጋም፤ ሴሜሳና ሌሎቹ ሁለት ልጆችም እዚሁ ቤታቸው እያደሩ ሊደግሙ ነው። ሞሞ ሌቫኒ ያለፈው እሱ ይመስል ሰውን ሁሉ እየዞረ ጨበጠ። የሴሜሳ እናት አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክማ መጥታ ማዳም እግር ሥር አስቀመጠችና ምንም ሳትናገር ወጣች።

ሰው ከተበተነ በኋላ ማዳም ሳሙና ሊገዙ ቀሩ። ውጤቱ እንደተሰማ ወዲያው፣ የትልቁ ደሴት ትምህርት ቤት ለማስተር ኢኖኬ ደውሎ ማዳም እዚያ መጥተው እንዲያስተምሩ እንደጠየቀ ሁላችንም ሰምተናል። ሊጠይቃቸው የደፈረ ግን አልነበረም። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

«ማዳም፣ የሚመጣው ዓመት እዚሁ ነዎት?»

ሳሙናውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ፈገግ አሉ፤ ልጆቹ የሚጮኹበትን ሜዳ በመስኮቱ አዩ።

«ጆኔ» አሉ፣ «አንተም መጨረሻውን ከፊት ፈለግክ? ከዚህ ሌላ ሽታ ያለው የለህም?»